ያልተጠረገው ወንፊት

«ማኪናዋ ጠምቷታል፤» አለ አድማሴ ከካቢናው ሳይወርድ።

«ውሃ ነው ዘይት?»

«ሁለቱንም።»

ሁለቱንም ማለት መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነበር። አደጋ ካለ «ዘይት ብቻ» ይባላል። ዝግባ ትከሻው ቀለል አለው።

በአዘዞው ጋራዥ የሚያውቁት መካኒኩ ቢያዝን ብለው ነው። ዝግባ ብለው የሚጠሩት በረሃ ያሉት ጓዶቹና ይህ ጥጥ ጫኝ ሹፌር ብቻ ናቸው። የሹፌሩ የምስጢር ስም ገብስ ነው። ገብስ ከመተማ መልእክት በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማ ውስጥ ፒያሳ ቡና ቤት ለምትጠብቀው እንዶድ ያደርሳል። እንዶድ የሆስፒታል ነርስ ናት። ዝግባን አታውቀውም። እሱ ግን ከሩቅ አይቷታል።

ጥጥ የጫነ ማኪና ወንፊቱ ሳይጠረግ ወደ ከተማ አይወጣም። ደንብ ነው። ጭስ ማውጫው ከካቢናው ጀርባ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ብልጭታ የሚያስቀር የሽቦ ወንፊት አለ። አንዲት ብልጭታ ካመለጠች ጥጡ አለቀ።

ዝግባ ከካቢናው ጀርባ ወጥቶ ወንፊቱን ፈታ። ጣቱን አስገባ።

ጥቀርሻው እርጥብ ነበር።

ጣቱን ከጣቱ ጋር አሸው። ቅባት ነው። ሞተር ጭነት ሲጎትት ጭሱ ይግላል፤ ወንፊቱ ላይ ያረፈው ጥቀርሻ እዚያው ይቃጠልና ወንፊቱ ራሱን በራሱ ያጸዳል። ግራጫ አመድ ብቻ ይቀራል። ቆሞ ሲያጉረመርም ሲውል ግን ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም፣ ናፍጣ ያልለቀቀው ጥቁር ነገር ይከምራል።

«የጭልጋን አቀበት እንዴት ወጣሃት?» አለ ከላይ ሆኖ።

«ሳልቆም። ከመተማ በቀጥታ።»

ውሸት።

ሞተሩ ሳይጠፋ ማኪና የሚቆምበትን ቦታ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከአዘዞ ወጣ ብሎ አንድ የግንብ ግቢ አለ። ከውስጥ የሚጮኸው ሰው ድምፅ መንገደኛ ጆሮ እንዳይገባ ከባድ ማኪና አስነስተው ይተዉታል። ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ።

ዝግባ ወደ በሩ አየ። ካቦርት የለበሰ ሰው ላንድሮቨር ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። እስካሁን የጥጡ አጃቢ መስሎት ነበር።

ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። «አያ አድማሴ፣ እስቲ ና ይችን ያዝልኝ።»

አድማሴ ወረደ። አወራረዱ የሽማግሌ ነበር፤ ተረከዙን መሬት ላለማስነካት ይጥራል። ሁለቱም አንገታቸውን ሞተሩ ላይ ደፉ።

«ግቢው ውስጥ ነበርክ፤» አለ ዝግባ።

«ማን ነገረህ?»

«ጥቀርሻው።»

«ጥቀርሻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወሬ ማቀበል የጀመረው?» አድማሴ ሊስቅ ሞከረ። ከንፈሩ አልታዘዘውም። «አንተን አልሰጠሁም። ከተማ ማንን ታገኛለህ አሉኝ፤ ሴት አልኩ። ፊቷን አያውቁም። አጠገቧ ስቀመጥ ሊይዟት ነው።»

«ምነው አያ፣ ዘይት ብቻ ብትለኝ?»

«ብርቄን ይዘዋታል።»

ብርቄ ልጁ ናት። ዘንድሮ አስተማሪ ልትሆን ትምህርቷን የምትጨርስ።

«በገዛ ማኪናዬ ድምፅ፤» አለ አድማሴ። «ስጮህ የሸፈኑኝ በገዛ ማኪናዬ ነው። አሁን ሴትዮዋን ካላሳየኋቸው ተራው የብርቄ ነው።»

«ሞተሩን ላበላሸው።»

«በላንድሮቨሩ ይወስዱኛል።»

«ጥፋ።»

አድማሴ ሱሪውን በትንሹ ሰብሰብ አደረገ። ጫማው ማሰሪያ የለውም። እግሩ እንደ ሊጥ ተነፍቶ በጫማው ዳር ፈስሷል። «በዚህ እግር? ብጠፋስ፣ ልጄስ?»

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጭው፣ ጭው ይላል። ዝግባ ዘዴው ቀድሞ ታይቶት ነበር። አልተናገረም። አድማሴ ራሱ እስኪለው ጠበቀ፤ ለዚህም ራሱን ጠላ።

«ወንፊቱን አትጥረገው፤» አለ አድማሴ።

«አያ።»

«በከባድ ማርሽ አቀበቱን ካስጨነቅኳት ያ ሁሉ እርጥብ አንድ ጊዜ ይያያዛል። ወንፊቱ ይቀልጣል። ከዚያ ጥጡ ነው። አደጋ ነው ይባላል፤ እኔም አሻፈረኝ አላልኩም። በልጄ ምን ቂም ይይዛሉ?»

«ሲቀጣጠል ትወርዳለህ አይደል?»

አድማሴ ጉንጩን በመዳፉ ነካ አደረገው። «ሸጋ ልጅ ነህ፤» አለው።

ካቦርታሙ ሲጋራውን ጥሎ መጣ። «ጓድ መካኒክ፣ እዚህ ልታሳድረው ነው?»

«አለቀ ጓድ። ወንፊቷን ጠርጌ መግጠም ነው የቀረኝ።»

ወጣ። በሽቦ ብሩሽ የወንፊቱን ዳር ዳር ፋቀ፤ ድምፁ እንዲሰማ። መሀሉን አልነካም። ብሎኑን አጥብቆ ወረደ።

ማኪናው ወጣ። ላንድሮቨሩ ተከተለው።

ዝግባ በሩ ላይ ቆሞ አቀበቱን ተመለከተ። ሞተሩ አቃሰተ። ጭሱ መጀመሪያ ጥቁር ነበር። ከዚያ ሳሳ። ሌላ ሰው ቢያየው ሞተሩ ተሻለው ይል ነበር። ዝግባ ግን ወንፊቱ እንደተያያዘ አወቀ።

ከጭስ ማውጫው አፍ ቀይ ነገር ተተፋ።

ጥጡ ቦግ አለ።

ላንድሮቨሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ማኪናው አልቆመም። በሩ አልተከፈተም። ኩርባው ላይ ሲደርስ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ገደል ገባ።

ወደ ማታ ካቦርታሙ ተመለሰ። ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል።

«ወንፊቱን ጠርገህ ነበር?»

«አንተው ቆመህ እያየህ ጓድ። ሹፌሩ ነው። ጥጥ ጭኖ ሞተር ማስጨነቅ ልማዱ ነው። ደግሞ ይጠጣል።»

አድማሴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር።

«አየህ፣ በአንድ ሰካራም የስንት ጊዜ ልፋት ከንቱ ቀረ!» አለ ሰውየው፤ ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

ብርቄን ለቀቋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጋራዡ ድረስ መጣች። ዝግባ ከማኪና ስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሰክሮ ነው የሞተው አሉኝ። አንተ ነህ ያልከው አሉ።»

ካቦርታሙ ዛሬ የለም። ግን ሌላ ሰው በሩ ላይ ጋዜጣ ያነባል።

«እውነት ነው እህቴ። ሰክሮ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። «አባቴ ለእኔ የተወው ቃል አልነበረም?»

«ቸኩሎ ነበር።»

ብርቄ ዞራ ሄደች።

ዝግባም ዓይን እንደበዛበት ስላየ፣ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘሁ ብሎ ጋራዡን ተሰናበተ፤ ስንቁን ቋጥሮ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ። ፒያሳ ላይ አውቶቡሱ መንገደኛ ለማሳለፍ ቆመ። ነጭ ጋውን በክንዷ ላይ ያጠፈች ሴት ከፊት ለፊቱ ተሻገረች፤ እንዶድ ነበረች። በመስኮቱ በኩል ቀና አለች፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ አረፈ፤ አለፈ።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ።

«ደባርቅ።»

«ማን ልበልህ?»

«የሻው፤» አለ አዲሱን ስሙን፤ ጋቢውንም እስከ ዓይኑ ተከናነበ።