የአሥራ ሰባት ሰዎች አጎት

አጎት የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በጠያቂ ሰዓት ነው። በአንድ እጁ ብርቱካን የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የታጠፈ ንጹሕ ሸሚዝ።

ዘበኛው ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ጨመቀ። ሸሚዙን አራገፈ። ኮሌታውን አልነካም።

የአጎት መልእክት የሚሰፋበትን ኮሌታ መቼም ነክቶት አያውቅም።

«የወንድሜ ልጅ! እንዴት ሰነበትክ?» አለ አጎት፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው። አቅፎ ሳመው። ጉንጭ ለጉንጭ እንደተነካኩ ድምፁን አወረደ። «እቃውስ?»

«ማክሰኞ እጄ ይገባል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አምናኛለች።»

የታማሚ ፒጃማ የለበሰው ሰውዬ በስለላ መሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው ሙጫ በሚል የሽፋን ስም ነው። ከተጣበቀ ስለማይላቀቅ አለቆቹ ያወጡለት ስም ነው። የመኪና ደላላ ሆኖ ያውቃል። አስከሬን ገናዥ ሆኖ ያውቃል። አንድ ጊዜም ስድስት ወር ሙሉ ዲዳ ሆኗል። እብድ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ነው፤ ዲዳነቱ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆስፒታሉ በር ላይ ድምፅ ማጉያ የያዙ ሰዎች ይሰበሰባሉ። የአእምሮ ሕክምና የሚባል ነገር የለም ይላሉ፤ መድኃኒቱ ሰንሰለት ነው፣ ሐኪሙም ዘብ ነው ይላሉ። ማኅበር አላቸው። ጤነኛ ሰዎች አፋቸው እንዲዘጋ ብቻ እብድ ተብለው እዚህ ይቆለፋሉ ብለውም ይከሳሉ። ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። ማስረጃው የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ዘንድ ነበር። ልታወጣው ስትሰናዳ «ታመመች» ተባለችና የራሷ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የሴቶች ክፍል ተኛች።

የሙጫ ትእዛዝ አጭር ነበር። ታማሚ መስለህ ግባ። ቅረባት። ማስረጃውን አምጣ። አጎት እንደነገረው መሥሪያ ቤቱ ጥፋተኞቹን ሊይዝ ነው፤ ማስረጃው በወጣ ማግስት እሷም ትወጣለች።

«በሚቀጥለው አርብ አይድኑም የተባሉ ወደሚቆዩበት ዘላቂ ማረፊያ ያዛውሯታል» አለ አጎት ብርቱካን እየላጠ። «ከዚያ የተመለሰ ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ሐሙስ፣ እዚሁ ወንበር ላይ።»

ሙጫ በሥራው ሆዱ ባብቶ አያውቅም። የፋርማሲስቷ ነገር ግን አንጀቱን በልቶታል። እሱ ሲገባ የመድኃኒቱን ሁሉ መጠን በቃሏ ትዘረዝር ነበር። ከዘጠኝ ሳምንት መርፌ በኋላ አንዳንዴ የልጇ ስም ይጠፋባታል። ወደዚያ ማረፊያ ከሄደች ደግሞ የራሷም ስም እንደሚጠፋባት ያውቃል።

ክኒን የሚታደለው ከቁርስ በኋላ ነው። ተሰለፍ። ዋጥ። አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ቀጣይ!

ሙጫ ክኒኑን በላይኛው ድዱና በከንፈሩ መሀል ይሸጉጠዋል። በዘጠኝ ሳምንት አንድም አልዋጠም።

ሰኞ ጠዋት የፈረቃዋ ነርስ በጣታቸው ጠሩት። ታማሚው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ተራምደው የማይደክሙ ሴት ናቸው። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል አስገቡትና በሩን ቆለፉ።

«ልጄ፣ አንተ ውሃ አትጠጣም።»

«ምን አሉኝ?»

«ይህን ክኒን የሚውጥ ሰው አፉ ይደርቃል። አጠገብህ የሚተኛውን ሬዲዮን እየው፤ ከጆጉ ይለያል? አንተ በዘጠኝ ሳምንት አንድ ቀን ጠማኝ አላልክም።»

ሙጫ በሩን አየ።

ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ ነው።

ሃያ ዓመት ሲሰልል ስንቱን ፈታሽ አልፏል። አሁን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተያዘ።

«ከማኅበሩ ነህ ወይስ ከመንግሥት?»

«ከማንም አይደለሁም እትዬ።»

«ዋሾ! ከማኅበሩ ከሆንክ ልንገርህ። ታላቅ ወንድሜን አሥራ አንድ ዓመት ግንድ ላይ አስረን አኑረነዋል። ቁርጭምጭሚቱ እስከ ዛሬ ጠባሳ ነው። ሰንሰለት እኔን አይነግሩኝም! ከዚያ ግንድ የፈታው ይህ ክኒን ነው። ሬዲዮስ? ሦስት ቀን ሲቋረጥበት በራሱ ግድግዳ ሲመታ አላየህም? ዛሬ ዳማ ይጫወታል፤ ያውም እየሰረቀ። እነዚያ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ‹ሰንሰለት ነው› ይሉኛል!»

ሬዲዮ የሚሉት ከሙጫ አጠገብ የሚተኛውን፣ ከነቃ እስኪተኛ የሚያወራውን ሰውዬ ነው። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ደሙን የጠረገለት ሙጫ ራሱ ነበር።

«እስከ አርብ ይታገሱኝ» አለ። «ሰው አልጎዳም። የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው።»

እትዬ ዓይን ዓይኑን አዩት። ከዚያ ቁልፉን አወጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ጠጣ» አሉት። «ሞኝ።»

ማክሰኞ ወንዱም ሴቱም በአንድነት የእጅ ሥራ ክፍል ይውላል። ወንዱ ቅርጫት ይሠራል፣ ሴቷ ትሰፋለች። ፋርማሲስቷ ትንሽ ትራስ ይዛ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። መርፌው ሦስት ጊዜ ሳታት።

«እዚህ ውስጥ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«ምንድን ነው?»

«የፈቃድ ወረቀት። አንድ ሰው ሳይወድ በግድ መርፌ ሲታዘዝለት የቅርብ ዘመድ ይፈርማል። ዋናው ከታማሚው ፋይል ጋር ይቀመጣል። ቅጂው ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ለኛ ይመጣል፣ እኛ ጋ ይቀራል። ፋይሉን ያጠፉ ሰዎች ቅጂ መኖሩን አያውቁም ነበር። ከሐኪምና ከፋርማሲ በቀር ማን ያውቀዋል?»

ፋርማሲውና የእጅ ሥራ ክፍሉ ጎን ለጎን ናቸው። ሊወስዷት የመጡ ዕለት ወረቀቶቹን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ማዳበሪያ ውስጥ ወሽቃ ነበር። ታማሚ ሆና ስትመለስ ትራስ ሰፋችባቸው።

«አሥራ ሰባት ናቸው። የዘመዱን ቦታ እይ» አለች። «እኔ አጎት የለኝም። አባቴም እናቴም ለየቤታቸው አንድያ ልጅ ናቸው። አንድ ሰውዬ ግን አጎቷ ነኝ ብሎ ፈረመብኝ፤ ሊወስዱኝ የመጡ ዕለት የራሴም ቅጂ ደርሶኝ ነበር።»

ሙጫ ትራሱን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወጣ። መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን በእግሩ ደግፎ ስፌቱን ተረተረው።

የመጀመሪያው መምህር ነው። የቅርብ ዘመድ፦ አጎት።

ሁለተኛዋ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ። የቅርብ ዘመድ፦ አጎት።

ሦስተኛው። አጎት። አራተኛው። አጎት።

ፊርማው አንድ ነው። መጨረሻው ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን የሚሰርዝ ፊርማ።

ሙጫ ያን ፊርማ ያውቀዋል። በየሐሙሱ የጠያቂ መዝገብ ላይ ሲፈረም ያየዋል።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የገባ ዕለት አጎት ከጎኑ ቆሞ አንድ ወረቀት ፈርሞ ነበር። «ለማስመሰል ነው፣ አትስጋ» ብሎት ነበር። ሙጫም አልሰጋም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ለካ እሱ ተልእኮ ላይ አልነበረም። አሥራ ስምንተኛው ነው። የሱ ወረቀት ከነዚህ መሀል የሌለው ፋርማሲስቷ ከሥራዋ ከተነሳች በኋላ ስለገባ ብቻ ነው።

ሙጫ ነው ብሎ የሚመሰክርለት አንድ ሰው አለ። እሱም አጎት ነው።

እሮብ ጠዋት አንሶላው ክፍል ገብቶ ወረቀቶቹን እትዬ ፊት ዘረጋ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይችን የወጋኋት እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ ገለጡ። «ይህንንም።»

አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጡ። «‹አላመመኝም እትዬ› ትለኝ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ስለሚል... በሽተኛ ሁሉ አላመመኝም ስለሚል አላመንኳትም። ምነው እጄን በቆረጠው! ወንድሜን ያዳነውን መድኃኒት የሰው አፍ መዝጊያ አደረጉት?»

«እትዬ፣ ዛሬ መውጣት አለበት። አርብ ፋርማሲስቷን ሊወስዷት ነው።»

«ለማን ነው የምሰጠው? ለነዚያ ለባለ ድምፅ ማጉያዎቹ?»

«ጋዜጣቸው አርብ ይወጣል፤ ደፍሮ የሚያሳትም ሌላ የለም።»

እትዬ ወረቀቶቹን አጣጥፈው ጋዋናቸው ስር ከተቱ። «እሰጣቸዋለሁ። ግን ስሜን ማንም እንዳይሰማ። ወንድሜ ክኒኑን የሚያገኘው በኔ ነው። እኔ ከተባረርኩ እሱ ወደ ግንዱ ይመለሳል። ሰማኸኝ ልጄ?»

«እስክሞት አልናገርም።»

አሥራ ስድስቱ ወጡ። አንዱን፣ ባለፈው ዓመት የሞተ ሰውዬ ወረቀት የነበረውን፣ ሙጫ አስቀረው። ትራሱን በአሮጌ የምግብ መርሐ ግብር ወረቀት ሞላና ያን አንዱን ከላይ አድርጎ መልሶ ሰፋው።

ሐሙስ። ያው ወንበር።

አጎት ትራሱን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ስፌቱን ሰነጠቀ።

ሙጫ ዓይኑን ከአጎት ጥፍር ላይ አላነሳም።

አጎት ጎንበስ ብሎ የላይኛዋን ወረቀት አየ። ፊርማውን አየ።

ፈገግ አለ።

«ጎበዝ! ሰኞ መጥቼ አስወጣሃለሁ የወንድሜ ልጅ።»

«አጎቴ፣ እጠብቅሃለሁ።»

አጎት ትራሱን ታቅፎ ተነሳ። ከአዳራሹ ወዲያ በመስታወቱ ጀርባ ከተረኛው ሐኪም ጋር ቆመ። በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። መሀረብ አወጣ። ቀጥሎም እስክሪብቶ አወጣ።

ፈረመ።

ሩብ ሰዓት አልቆየም። ሁለት ጡንቸኛ አስታማሚዎች ሙጫን በግራና በቀኝ ያዙት። «አጎትህ ‹ሰላይ ነኝ ማለት ጀምሯል› ብለዋል» አለ አንደኛው። «መርፌውን ፈቅደዋል። እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው አሉ፤ እኛ ደግሞ ደህና ነህ ብለን።»

መሸሽ ይችል ነበር። ባይሸሽም አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አጎት ገና ግቢው ውስጥ ነው፤ «ትራሱ ባዶ ነው» ብሎ ቢጮህ ተመልሶ ይደራደራል። ግን ጋዜጣው ነገ ጠዋት ነው። ከጮኸ ዛሬውኑ ፋርማሲስቷን ጭነው ይሄዳሉ።

አልጮኸም።

በሩ ተከፈተ። መርፌውን በሳሕን ይዘው የገቡት እትዬ ናቸው።

ሙጫን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆሙ። አልወጋም ቢሉ ለምን ይባላሉ። ለምን ከተባለ ደግሞ ነገሩ እስከ እሮቡ ወረቀት ድረስ ይመዘዛል።

ሙጫ እጅጌውን ራሱ ሰበሰበ።

«ይውጉኝ እትዬ» አለ በቀስታ። «አይፍሩ።»

ወጉት። ጥጡን ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ክንዱ ላይ ይዘው ቆዩ። ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ሰማቸው። ከዚያ በኋላ ምላሱ ከበደው፣ ጣሪያው ራቀው።

አርብ ጠዋት አሥራ ስድስት ፊርማ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ታትሞ ወጣ። «የሁሉም አጎት ማን ነው?» ይል ነበር ርዕሱ። ፋርማሲስቷን ሊወስድ የመጣው መኪና በሩ ላይ ጋዜጠኛና ሕዝብ ጠበቀው። ባዶውን ተመለሰ። በሳምንቱ እሷም፣ በሕይወት የነበሩት ሌሎቹም ወጡ። አጎት ግን የት እንደገባ አልታወቀም። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ቀጥሬ አላውቅም አለ።

የሙጫ ስም ከወረቀቶቹ መሀል አልነበረም። ጥቂት ወር ቆይቶ ለአዲሱ ሐኪም እውነቱን ነገረው። ሐኪሙ ቅን ወጣት ነው፤ ችላ ሳይል መሥሪያ ቤቱ ድረስ ደብዳቤ ጻፈ። «አናውቀውም» የሚል መልስ መጣ። ሐኪሙ አዝኖ መጠኑን ጨመረለት።

አሁን ውሃ የሚጠጣው ማንም ሳያዘው ነው። ጣቶቹ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ዓመት ሊሞላው ሲል ግን የቤቱ ሥርዓት ገባው።

«አሁንም ሰላይ ነኝ ብለው ያምናሉ?» አለው ሐኪሙ።

«አይ ዶክተር። ሆኜም አላውቅ።»

ሐኪሙ ከልቡ ደስ አለው። ተነስቶ ጨበጠው። የመውጫ ወረቀቱን ፈረመ።

የወጣበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ድምፅ ማጉያውን የያዘችው ፋርማሲስቷ ናት። ቃላት እየጠፋባት፣ እየተንተባተበችም ቢሆን ትናገራለች። «አንድ ሰው ነበር» አለች። «ስሙን... ስሙን አላውቀውም። እዚያ ውስጥ ነው። እሱ እስኪወጣ ከዚህ በር አልነሳም!»

ሙጫ ከሰዉ ጀርባ ቆመ። እጁን ብቻ ቢያነሳ ታየዋለች።

ደብተር የያዘች ልጅ ልብሱን የያዘበትን ፌስታል አይታ ተጠጋችው። «አባቴ፣ አሁን ነው የወጡት? እርስዎም ጤነኛ ሆነው ነው የቆለፉዎት? ምስክር እንፈልጋለን። ወረቀቶቹን ማን እንዳወጣቸውም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩን።»

ሙጫ ዞር ብሎ ሆስፒታሉን አየ። ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ እትዬ አንሶላ እያራገፉ ነበር። አይተውታል። አንሶላውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አይ ልጄ» አለ። «እኔ እንኳ ታምሜ ነበር።»

«ታዲያ ተሻለዎት?»

«ተሽሎኛል፤ ተመስገን።»

ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ወደ ሌላ ሰው ሄደች። ሙጫ መንገዱን ተሻግሮ የአውቶቡስ ሰልፍ መጨረሻው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አንዲት ሴት «እኔ ነኝ» አለችው። ከኋላዋ ቆመ።