ድልድዩ ጋ የቆሙት መኪኖች

«ይዘኸዋል?»

«ይዣለሁ፣ እትዬ።»

ሊፍቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። አይተያዩም፤ ሁለቱም በሩን ነው የሚያዩት። ትንሿን መቅረጫ ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አደረገላት።

«ጉንዳን፣ ሥራህ አለቀ። ድምፅ እስኪሰጥ ማይክህን ጠብቅ።»

ወረደች።

ጉንዳን የምስጢር ስሙ ነው፣ ልጆቼ። ምክር ቤቱ የሚያውቀው በድምፅ ባለሙያነቱ ነው። የላከው የመንግሥት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው፤ አለቃውም ይህችው እትዬ ናት። የተላከበት ጉዳይ አንጀት ያሳርራል። ከላይኛውና ከታችኛው ከተማ መሀል አንድ ሰፈር አለ። እዚያ እሳት ሲነሳ የላይኛው ከተማ የእሳት አደጋ መኪና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ከዚህ ወዲያ የኛ አይደለም» አሉ። የታችኛውም መኪና ማዶ ቆሞ ያንኑ አለ። አንዲት እናት ከነልጇ ነደደች።

ሁለት መኪና ሙሉ ውሃ እያያት!

ዛሬ ሁለቱን ከተሞች ለእሳትም፣ ለውሃም፣ ለፕላንም በአንድ አስተዳደር ሥር ለማዋል ድምፅ ይሰጣል። ከንቲባዎቹ በአደባባይ «እንደግፋለን» ብለዋል። በጓዳ ሊያፈርሱት ተማምለዋል። ጉንዳን የቀዳው ይህንን ነበር።

ድምፅ ክፍል ገብቶ ማዳመጫውን አጠለቀ። ጠዋት ጉንዳን ራሱ በላይኛው ከንቲባ ኮት ላይ የሰካው ማይክ ክፍት ነው። ከንቲባው ገና ማረፊያ ክፍል ነው።

የሴት ድምፅ ሰማ።

«ይኸው፣ ያለው ቅጂ ይሄ ብቻ ነው። ልጁን ከስብሰባው በኋላ ያዙት።»

እትዬ ናት።

ክው አለ።

«ተባረኪ፣ እህቴ!» አለ የላይኛው ከንቲባ። «አንድ አስተዳደር ከመጣ እኮ ለወዳጅ መሬት መምራት ቀረብን።»

«ሰፈሩ ደግሞ ቢነድስ?» አለ የታችኛው።

«አንተም የኔ አይደለም በል፣ እኔም የኔ አይደለም እላለሁ። እሳት ወሰን አያውቅም፤ መኪናችን ግን ያውቃል!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች።

እጁን ወደ አዳራሹ ድምፅ ማብሪያ ሰደደ። ይህን ድምፅ ወደ አዳራሹ ከለቀቀ የለቀቀው እሱ መሆኑ ይታወቃል፤ ያበቃለታል። የምክር ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛስ? ሲቀጠር «እንደ ልጄ ነው» ብሎ ዋስ የሆነለት፣ ምንም የማያውቅ ደግ ሰው ነው።

ለቀቀው።

«ያች የነደደችው ሴትዮስ?» አለ የታችኛው ከንቲባ ድምፅ፣ አዳራሹን ሞልቶ።

«ግብር የማትከፍለኝን ሴትዮ እኔ ምን ላርጋት?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ሚስቴ ናት! አንተ ውሻ፣ ሚስቴ ናት!»

አዳራሹ ተናወጠ። እጅ የማያወጣ ጠፋ። አንዱ አስተዳደር በዚያ ጩኸት መሀል ጸደቀ።

የከንቲባው ጠባቂዎች ድምፅ ክፍሉን ሰብረው ሲገቡ ወንበሩ ባዶ ነበር። ስለዚህ ዋሱን ያዙ።

ጉንዳን ከመንገዱ ማዶ አየው። ሽማግሌውን በጥፊ እያላጉ መኪና ውስጥ ሲከቱት፣ «ኧረ ጨዋ ልጅ ነው! ተሳስታችሁ ነው!» ይላል።

ሽማግሌው ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም።

አውቶቡስ መጣ። ጉንዳን ገባ። ተሳፋሪው ከወዲሁ ወሬውን ይዞታል።

«ማን ይሆን የለቀቀው?»

«ማንም ይሁን፣ እጁ ይባረክ!»

ጉንዳን ጥርሱን ነክሶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ። ስለ ዘበኛው የጠየቀ አልነበረም።