የሚስተር ሆልስትሮም እርምጃ

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሻል?» አለቻት ጓደኛዋ ቴስ፣ የድንቹን ልብስ ዚፕ ከጀርባዋ እየዘጋችላት። «ደግሞ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አታካብጂ፤ ወጥተሽ ጨፍሪ።»

ማርሊ የድንቹን ጭንቅላት አጠለቀች።

እውነትም ከቴስ በቀር የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤታቸው አይዳሆ ውስጥ፣ በድንች እርሻዎች መሃል ነው ያለው። ከባሕር የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ሳለ ቡድኑ «የባሕር ወንበዴዎች» ይባላል። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ነው፤ ግን ይኮሩበታል። ምልክታቸው ካፒቴን ድንች ነው፦ አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ፣ አንድ እግሩ እንጨት የሆነ ትልቅ ድንች። በግጥሚያ ቀን አንድ ተማሪ ይህን የድንች ልብስ ለብሶ ደጋፊውን ያስጨፍራል፤ ልብሱ ውስጥ ማን እንዳለ እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ድረስ ምስጢር ነው። ቀድሞ ከታወቀ ልብሱ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ማርሊ ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ስትመኘው የኖረችው ልብስ ነው።

ጥፋቷን የሠራችው ባለፈው ዓርብ፣ ለድንች ለቀማ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት ሲከፈት በተደረገው ግጥሚያ ላይ ነው። ቡድኑ እየተመራ፣ ደጋፊው አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ካፒቴኑ ባለ እንጨት እግር ስለሆነ ማነከስ አለበት። ማርሊ ግን አነካከሱን የተማረችው የትምህርት ቤቱን የጥገና ሠራተኛ ሚስተር ሆልስትሮምን አይታ ነው። ቀኝ እግሩን ከብዙ ዓመት በፊት የድንች መቆፈሪያ ማሽን ቆርጦታል። ግራውን ጣል፣ ቀኙን ሳብ፣ ትንሽ ቆም።

ከደጋፊው አንዱ አወቀውና የሰውየውን ስም ጠራ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ሁሉም ተነሥቶ «ሆልስትሮም፣ ሆልስትሮም» እያለ እግሩን መጎተት ጀመረ። ማርሊ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም፤ እንዲያውም አጋነነችው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከኋላዋ ሲያነክስ ደስ አላት። አሁን እንቅልፍ የሚነሳት ይህ ደስታ ነው።

ሚስተር ሆልስትሮም ያኔ ለተጫዋቾቹ ውኃ የሚያቀርብበትን ጋሪ እየገፋ በደጋፊው ፊት ሊያልፍ ነበር። መሃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ጋሪውን አዞረና ተመለሰ።

ሰኞ ኮሪደር ላይ ስታገኘው ግድግዳ ተደግፎ ነበር። እንደ ወትሮው «እንዴት ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አላት። እሷ እስክታልፍ ድረስ ግን አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም።

አሁን የዛሬው ግጥሚያ የእረፍት ፊሽካ ተነፋ። ማርሊ ወደ ሜዳው ወጥታ ጋሪውን ፈለገችው። በፊት ለፊት አልመጣም። ሚስተር ሆልስትሮም ማንም እንዳያየው ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው ጠጠር መንገድ፣ እጥፍ ርቀት ዞሮ እየመጣ ነበር፤ በመቀመጫዎቹ ክፍተት ታያት።

ደጋፊው ካፒቴኑን ይጠራል። ማርሊ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ጠጠሩ መንገድ ሄደች። ሳንድዊች ለመግዛት የተሰለፉት ተማሪዎች ዞረው አዩዋት፤ ቴስም ከሩቅ በእጇ «ተመለሺ» አለቻት። ማርሊ የድንቹን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ አወለቀችው። ላብ ያራሰውን ፊቷን ነፋስ መታው።

ከሰልፉ መሃል አንዱ ስሟን ሲናገር ሰማች። ዞር አላለችም።

ከማዕዘኑ ወዲያ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ፦ ጣል፣ ሳብ፣ ትንሽ ቆም። ማርሊ ጭንቅላቱን በብብቷ ይዛ መንገዱ መሃል ቆማ ጠበቀችው።