ከነጩ ፕላስቲክ ሥር

«ይሄ የእኛ ጊታር አይደለም!» አሉ አያቷ፣ የሳጥኑን ክዳን እንደያዙ። «የእኛው ሰማያዊ ነው። ይሄ አረንጓዴ! ሌባ እጅ ገብቷል፤ ለውጠውብናል!»

ሚጢ ወደ በሩ ዞረች። ጓደኛዋ ገና ከደጃፉ አልራቀችም። «ሬዲዮ» የሚሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። የሚጢን ሟች ወንድ አያት ኤሌክትሪክ ጊታር ለትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ክበብ ዝግጅት ተውሳ፣ በሳምንቱ መመለሷ ነበር።

«እማማ፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?» አለች ሬዲዮ። «የወሰድኩት ይሄንኑ ነው! ሚጢ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሚጢ ታውቃለች። ከማዋሷ በፊት መስኮቱ ጋ አቧራውን ጠርጋለታለች፤ ያኔም እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ነበር። ግን አክስቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት የቤቱ ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ አክስቷ፣ «እማዬ መርሳት ጀምራለች፤ ወደ እኔ ከተማ ልውሰዳት» ማለት አብዝታለች። ሚጢ አሁን ብትናገር አያቷ ለይቶላቸው ረሱ ሊባል ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሬዲዮ ሌባ ልትሆን ነው።

ዝም አለች። ጫማዋን አየች።

ሬዲዮ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። መፍራት ይሄኔ ነው፤ ለፍላፊ ሰው ዝም ሲል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሚጢ፣ አያቷና አክስቷ ነገሩን ለማጣራት ጊታሩን ይዘው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ሄዱ። ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል፤ ሲሠራ የሚፈታቸውን ብሎኖች በከንፈሩ ስለሚይዝ።

«አንተ ልጅ፣ አውጣው ከአፍህ! ትውጠውና ጉድ ይፈላል!» አሉ አያቷ ገና ሳይቀመጡ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አልዋጥኩም እማማ።»

«አንድ ቀን ይበቃል!»

ብሎን እየሳቀ የያዛቸውን መዳፉ ላይ ተፋቸው። ከዚያ ጊታሩን ገለበጠ። ከጀርባው ያለውን ቁጥር አነበበ፤ አንገቱን ፈታና እንጨቱ ጫፍ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የደበዘዘ ቀን አሳያቸው።

«ሞዴሉ የጥንቱ ነው። ከአንገቱ ግራና ቀኝ የወጡትን እነዚህን ሁለት ቀንዶች እዩልኝ፤ ጠርዛቸው በእጅ እንዳለቀ ሳሙና ለስልሷል። የኋለኞቹ እንዲህ አይደሉም።»

«እሱን ተወው። ቀለሙስ? ባለቤቴ ሲገዛው አብሬው ነበርኩ። የጠራ ሰማይ ነበር የሚመስለው። በሕልሜ ነው እንዴ ያየሁት?»

«እማዬ፣ በቃ…» አለች አክስቷ ቀስ ብላ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከሚጢ ከአጠገቧ ተነሥታ መጨረሻ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው።

«ከማዋሴ በፊትም አረንጓዴ ነበር» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጠነባት። «አይቼዋለሁ። ሬዲዮ አልለወጠችውም። ትናንትና መናገር ነበረብኝ።»

አያቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቦርሳቸውን ጨበጡ።

«እንግዲያ የረሳሁት እኔ ነኛ» አሉ።

ሚጢ ቃሏን መልሳ መዋጥ አማራት።

«ቆይ፣ አትቸኩሉ» አለ ብሎን። ከክሮቹ ሥር የተገጠመውን ነጭ ፕላስቲክ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ፤ አሁን አንዱንም አፉ ውስጥ አልከተተም። ፕላስቲኩን አነሣው።

ከሥሩ ሰማያዊ ነበር። ሰዓት ሲወልቅ ክንድ ላይ እንደሚቀረው ነጣ ያለ ቆዳ፣ የፕላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ቀለሙስ ያው ነው» አለ ብሎን። «ከላይ የተቀባው ቬርኒሽ ነው በዕድሜና በሙዚቃ አዳራሽ የሲጋራ ጭስ ቢጫ የሆነው። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲደረብ ምን ይሆናል?»

«አረንጓዴ!» አለች ሚጢ።

«እኔ ታዲያ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?»

«እንደ ልጅ ማደግ ነው እማማ። አብሮት የሚኖር ሰው አያየውም።»

አክስቷ ሳቋ መጣ። «ቁልፉስ እሺ? ስኳር ውስጥ የተገኘው?»

«ሌባ እንዳያገኘው ራሴ ነኝ የደበቅኩት! መቼ ጠየቅሽኝና?»

ብሎን ጀርባውን አዙሮ በሳቅ ተንፈቀፈቀ።

ሲመለሱ ሚጢ ወደ ቤት በሚያስገባው መታጠፊያ አልታጠፈችም፤ አስፋልቱን ልትሻገር ወጣች።

«ወዴት ነው? መኪናውን አይተሽዋል?» አሉ አያቷ።

«ሬዲዮ ቤት።»

አያቷ ሻርፓቸውን አጠበቁ። አክስቷን «አንቺ ቤት ግቢ» ብለው ከሚጢ ኋላ ተከተሉ። «ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ልቅደም።»

«አይ እማማ። መጀመሪያ እኔ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ሬዲዮ ከውስጥ ለአንድ ሰው ስትለፈልፍ ይሰማል። ሚጢ ትንፋሽዋን ለቀቀች፤ የጊታሩን ሳጥን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና አንኳኳች።