የእትዬ ቤት ደንበኛ

ፊልሙ የመጣው ከዳቦው ሥር ነበር።

እትዬ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንደ ሌላው ቀን ሁሉ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ትኩስ ነው፤ ሳይበርድ አንሣው» አለች።

ጭልፋ ሁለት ጣቱን ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ ሰደደ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቆርቆሮ አገኘ። ዳቦውን ወደ አፉ፣ ቆርቆሮዋን ወደ እጅጌው።

ማንም አላየም።

ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ጢም ብላለች።

ጭልፋ የምስጢር ስሙ ነው። ሰው የሚያውቀው ሥራው ስለ ከተማዪቱ ምግብ ቤቶች በየሳምንቱ ለአንድ ጋዜጣ መጻፍ ነበር። በአራት ወር ሠላሳ አንድ ቤት ቀምሷል። የጣልያኑን ፓስታ፣ የህንዱን ሩዝ፣ የአረቡን ጥብስ ሁሉ አዳርሷል፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄዷል። የአለቃው ትእዛዝ ግን ከምግብ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የወደቡ መሥሪያ ቤት ፀሐፊ የምስጢር ሠራተኞችን ስም ዝርዝር ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ፊልሙን ለባዕድ መልእክተኛ የሚያስረክበው በአንድ ምግብ ቤት ነው፤ ቤቱን ፈልግ፣ ፊልሙን አምጣ።

ቤቱ የእትዬ ሆኖ ተገኘ። ፀሐፊውም ታናሽ ወንድሟ።

እትዬ በወጣትነቷ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከየወደቡ የቀሰመችውን ሙያ ይዛ ሰኞ የአንዱን አገር፣ ማክሰኞ የሌላውን ታበስላለች። ዛሬ ሐሙስ ነውና ተራው የቻይና ነው፤ ኑድሉ በዝንጅብል መረቅ ውስጥ ይጨሳል። አንድ ልማድም ነበራት። ከገበታ የሚመለሰውን ሳህን ሁሉ ሳይታጠብ በፊት ትመለከታለች። «ሰው ለይሉኝታ ብሎ ያመሰግናል፤ ሳህን ይሉኝታ የለውም» ትላለች።

ጭልፋ የተያዘው በዚህ ነበር።

የምግብ ቀማሽ በቀን ሦስት አራት ቤት ይገባል። ስለዚህ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ወስዶ ይተዋል። ጭልፋ ግን ርሀብ በገባበት ቤት ያደገ ሰው ስለሆነ ምግብ ትቶ መነሣት አይሆንለትም። መረቁን በዳቦ ጠርጎ ነው የሚነሣው።

«አንተ ሰውዬ» ብላው ነበር ከሳምንት በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋዜጣው የቀጠረህ ልትጽፍ ነው ወይስ ሳህን ልታጥብ? አጣቢዬን እኮ ሥራ አስፈታሃት!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደንበኛው ሁሉ ሲወጣ ግን ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ቀማሽ አይደለህም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዲህ የሚበላ ነገ የት እንደሚበላ የማያውቅ ሰው ነው። ከማን ነው የምትሸሸው?»

ጭልፋ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው።

እሱም አላረማትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቀላል ነበር። ነውሩም ቀላል መሆኑ ነው።

«ወንድሜ ተሳስቷል» አለችው በማግስቱ። «ተጸጽቷል፤ ያ ባዕድ ሰውዬ ግን አልለቅ አለው። አንተ መውጫ የምታውቅ ከሆነ . . .»

«አንድ የጀልባ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን ወንድምዎ ፊልሙን ይዞ ኬላ አያልፍም። ለእኔ ይስጠኝ።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

«በሰላም ይወጣል፣ እትዬ።»

ይህን ሲል እየዋሸ አልነበረም። አለቃው፣ በሰዓት መጠገኛ ሱቅ የሚቀመጠውና ሰዓት ሠሪው የሚባለው ሰው፣ «ፊልሙ ከተገኘ ፀሐፊው ምን ያደርግልናል? ይሂድ» ብሎታል። ምልክቱም ተወስኗል። ፊልሙ እጁ ሲገባ ባርኔጣውን መስኮቱ ላይ ያኖራል፤ ከማዶ ያለው የሰዓት ሠሪው ተመልካች አይቶ በጓሮው ያሉትን ጠባቂዎች ያነሣል፤ ፀሐፊው በጓሮ ይወጣል።

ጭልፋ ባርኔጣውን አነሣ።

መስኮቱ ላይ አኖረው።

ፀሐፊው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከወጥ ቤቱ ብቅ አለ። እትዬ በወረቀት የጠቀለለችውን ምግብ ኮቱ ውስጥ ትወሽቅለት ጀመር።

«እታለም፣ በቃ! ጀልባዋን ልታሰጥሚያት ነው?»

«ዝም በል! ባሕር ላይ የሚያስመልሰው ባዶ ሆድ ነው። ደርሰህ ጻፍልኝ።»

ፀሐፊው በጭልፋ አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ውለታዎን . . .»

የጓሮው በር ተበረገደ።

የፊቱም።

ፖሊሶች ነበሩ፤ ስድስት። ፀሐፊው ከነሻንጣው ወለሉ ላይ ተዘረረ። የተጠቀለለው ምግብ ፈሰሰ። ጭልፋ መስኮቱን አየ፤ ከዚያም ገባው። ባርኔጣው «አሳልፉት» ማለት አልነበረም። «ግቡ» ማለት ነበር።

አንዱ ፖሊስ አንገትጌውን ጨመደደው።

«አንተስ? ከነዚህ ጋር ነህ?»

ቆርቆሮዋ እጅጌው ውስጥ ናት። ሊፈተሽ ነው። የሥራው ሕግ ደግሞ ለፖሊስም ቢሆን ማንነትህን አትግለጥ ይላል።

«ተዉት!»

እትዬ ነበረች። ፖሊሱን በደረቷ ገፍታ መካከላቸው ገባች።

«የጋዜጣ ሰው ነው! እበላ ብሎ የገባ ሆዳም ምን ያውቃል? ስሙን እንኳ አላውቀውም! ደንበኛዬን ልታባርሩ ነው የመጣችሁት?»

አፏ ይህን ይላል። ዓይኗ ግን ሂድ፣ አምልጥ ይለዋል። ወንድሟ ወለሉ ላይ ተረግጦ ሳለ፣ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ላትርፍ ብላ ነው።

ፖሊሱ አንገትጌውን ለቀቀው። «ውጣ!»

ጭልፋ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

መልሶ ዘጋው።

ወጣ።

* * *

ሰዓት ሠሪው ቆርቆሮዋን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለ ጭልፋ።

«እንድታምን ነው የገባሁልህ። ሰው ሲያምንበት ነው አሳምሮ የሚናገረው።»

ከዚህ በኋላ ጭልፋ ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። በዘጠነኛው ቀን ሰዓት ሠሪው አዲስ ፓስፖርት ይዞ መጣ። አዲስ ስም፤ አዲስ ሥራ፣ የመነጽር ነጋዴ።

«እትዬስ?»

«ታስራለች። ወንድሟ ፊልሙን ደንበኛው ወሰደው ብሎ ተናዟል። ፖሊስ ያንን ደንበኛ ይፈልጋል፤ ጋዜጣው ዘንድ ያለው ስምህ የውሸት ነው፤ እሷ ግን ማን እንደሆነና የት እንደሄደ አላውቅም ብላ ድርቅ ብላለች። በተናገረች ዕለት ትፈታለች።»

«ደንበኛው የእኛ ሰው ነው በሏቸው!»

«እነሱ የሚያውቁት ጥቆማ እንደ ደረሳቸው ብቻ ነው። ፖሊስ ቤት ወሬ አያድርም። ብንነግራቸው ባዕዶቹ ይሰማሉ፤ አንተም አለቀልህ።» ሰዓት ሠሪው የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። «ለመሆኑ ምን ብለሃት ነው እንዲህ ያመነችህ?»

ጭልፋ አዲሱን ፓስፖርት ኪሱ ከተተ።

«ምንም» አለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ የመነጽር ነጋዴው ሻንጣውን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ተነሣ። አጭሩን መንገድ ትቶ በሌላው ዞረ። ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ቆመ። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ የጽሕፈት መኪና ይንቋቋል። አምስት ደረጃ ወጥቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢናገር፣ እሷ ማታውን ቤቷ ታድራለች። እሱ ግን የሚገባበት ቤት አይኖረውም። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

በረኛው ፖሊስ ተመለከተው።

«ምን ልርዳዎ ጌታው?»

የመነጽር ነጋዴው ከንፈሩን አራሰ። አውቶቡሶች አለፉ። አንዲት ሴት ወረቀቶቿን በደረቷ አቅፋ በአጠገቡ ወደ ውስጥ ገባች።

«ጌታው?»

«የባቡር ጣቢያው . . . በየት በኩል ነው?»

ፖሊሱ በትሕትና ወደ ጎዳናው መጨረሻ አመለከተው። «ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ አይስቱትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሻንጣውን አነሣ።

መንገዱን ያውቀው ነበር።