የድንጋይ ካባው ኩርባ ላይ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን የከበደው ሱሉልታ ሄዶ ይጠይቅ... በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ዛሬም እዚያው አሉ።

ባለፈው ሰኔ፣ እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

አዎ፣ በጠራራው ቀን።

ሰኔ ከገባ ግን የሱሉልታ ቀን ቀን አይባልም። ጉሙ ሜዳውን ሲውጠው፣ ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ አለ። እሱን በሚዞረው ኮረኮንች መንገድ ላይ መኪና የሚወዱ ሰዎች በዓመት አንዴ ይወዳደራሉ። ውድድሩ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ጓደኛሞች አንዲት መኪና ይዘው ይገቡና እየተፈራረቁ ይነዳሉ።

ቦንቱ የቡራዩ ልጅ ናት። የዚያን ቀን ከጓደኛዋ ከየሱፍ ጋር አንዲት አሮጌ ኮሮላ ይዛ ገባች።

ለዋንጫው አልነበረም... ንዴቷ ነው ያስገባት።

ታላቅ ወንድሟ ዲሪርሳ አምና እዚሁ ውድድር ላይ ሞቷል። ሲነዳ አይደለም። ኩርባው ላይ ቆሞ ለሹፌሮች ባንዲራ የሚያሳይ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ቢጫ ሲያውለበልብ "ቀስ በሉ" ማለት ነው፤ ቀይ ሲያነሳ "ሁላችሁም ቁሙ"። በዝናብ የተንሸራተተች መኪና ወሰደችው።

የውድድሩ አዘጋጅ ኦቦ ታመነ ለቅሶ ቤት መጣ። እናትየው ፊት ተቀምጦ፣ "ምን ይደረግ፣ ራሱ ነው መንገድ ውስጥ የገባው" አለ።

ቦንቱ ይህችን ቃል ዓመቱን ሙሉ አላመጠቻት። አልወርድ አለቻት።

ዘንድሮ ታመነ ራሱ በነጭ ጎልፍ ይወዳደር ነበር። ሰው ሁሉ እያየ እሱን መቅደም... የፈለገችው ይህንኑ ነው።

ተራዋ ደረሰ። የሱፍ ከመኪናው ወርዶ ሄልሜቱን እያወለቀ፣

"ፍሬኑ ደህና ነው። ካባው ኩርባ ላይ ግን ጭቃ አለ" አላት።

የስልኩን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ወጣች። የሱፍ በስልክ እየተከታተላት ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር... ከዚያ ጉሙ ወረደ።

ካባው ኩርባ ላይ ስትደርስ መንገዱ ዳር ሰው ቆሟል። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል። ቢጫ ባንዲራ ያውለበልባል።

ፍሬን ያዘች። በቀስታ ዞረችው።

ከኩርባው ወዲያ ምንም የለም።

"ለምን ቀነስሽ?" አለ የሱፍ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ነው።

"ባንዲራ አለ።"

"የት?"

"ካባው ጋ። ሰው ቆሟል።"

የሱፍ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ቦንቱ... እዚያ ሰው የለም። ዘንድሮ ማንንም አላቆሙም። አሁን እኔ ራሴ በዚያ አልፌ መጣሁ እኮ።"

ደሟ ፈላ። አምና ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ዘንድሮ አንድ ሰው እንኳ አለማቆም...

ታዲያ ያ ማነው?

በሚቀጥለው ዙር ሰውዬው እዚያው ነው። ወደ መንገዱ ትንሽ ገባ ብሏል።

ዝናቡ ይወርዳል። የመኪናው መጥረጊያ አልችል ብሏል። ባንዲራው ግን ጠብታ እንዳልነካው ጨርቅ ይርገበገባል።

ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቷታል።

ባንዲራ ያዥ ለመኪና ጀርባውን አይሰጥም። ይህን የነገራት ዲሪርሳ ራሱ ነበር።

አልፋው ስትሄድ ፊቱን ለማየት በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከተች።

በዚያም በኩል ጀርባው ነው።

ይሄኔ ከኋላዋ ጥሩምባ ጮኸ። የታመነ ጎልፍ ምንም ሳይቀንስ መጣ፤ ሰውዬው በቆመበት ላይ አለፈ። ባንዲራው ውልፍት አላለም። ጎልፉ መስታወቷ ላይ ጭቃ ረጭቶ ቀደማት።

"የሱፍ..." አለች በሹክሹክታ።

"አቤት።"

"አቋቋሙን አውቀዋለሁ።"

"የማንን?"



ልትፈራ ይገባ ነበር። የመጣባት ግን ፍርሃት አይደለም፤ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተናደደች። ለእኔ ምን ታውለበልባለህ? አለች በልቧ። ከቻልክ ያስገደለህን ታመነን አስቁም።

ታመነ ቤንዚን ሊሞላ ገብቶ ወጣ። አሁን ከኋላዋ ሆነ። መብራቱን እያበራ እያጠፋ፣ ዞር በይ ይላታል። እልህ ያዛት፤ ነዳጁን ረገጠችው።

ካባው ኩርባ...

ሰውዬው መንገዱ መሀል ቆሟል።

ባንዲራው ቀይ ነው።

ባለ በሌለ ኃይሏ ፍሬኑን ያዘች። ኮሮላዋ ተንሸራተተች፣ ዞረች፣ መንገዱን በአግድም ዘግታ ቆመች። ጎልፉ ለጥቂት ሳይገጫት ቀረ።

ከመኪናዋ ወረደች። መሀል መንገድ ላይ ማንም የለም።

ታመነ በሩን በርግዶ ወጣ።

"አብደሻል? ልትገድይኝ ነው?"

"ቀይ ባንዲራ አለ።"

"የማን ባንዲራ? እዚህ ማን አለና?"

"ማን እንደነበረማ አንተ ታውቃለህ" አለችው። አንቱ ማለቱን የዚያን ጊዜ ተወችው።

በትከሻው ገፍቷት ኩርባውን ዞረ። ምንም እንደሌለ ሊያሳያት ነው።

ወዲያው ቆመ።

መንገዱ የለም። ጎርፍ ከሥር በልቶት ወደ ካባው ጉድጓድ ተንዷል። ድንጋዩ ገና ይወርዳል... ታች ሲያርፍ ድምፁ ዘግይቶ ይሰማል።

ቦንቱ ጉድጓዱን አየችው። ታመነንም አየችው። በሕይወት አለ። እየተነፈሰ ነው።

እንባዋ መጣ፤ የደስታ ግን አልነበረም።

"እሱን ለምን?" አለች ወደ ጉሙ ዞራ። "እኔን እሺ... እሱን ለምን አዳንከው?"



የሱፍና ሌሎች ሰዎች እየሮጡ ደረሱ። ታመነ ለማንም አልዞረም። ከቦንቱ ትከሻ በላይ፣ ማንም የሌለበትን ቦታ ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አዎ..." አለ ቀስ ብሎ።

ሰዉ ተያየ።

"አዎ፣ ደውለህልኛል... ዝናቡ በርትቷል፣ ውድድሩ ይቁም ብለኸኛል።"

እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"እኔ ነኝ። ባለህበት ቁም ያልኩህ እኔ ነኝ... መንገዱን ተሻግረህ ወዲያኛው ጥግ ቁም ያልኩህም እኔ ነኝ።"

ደግሞ አዳመጠ።

"እናትህንም... ዋሽቻቸዋለሁ።"

የሱፍ ቦንቱን ደግፎ ያዛት።

"ኦቦ ታመነ" አለ የሱፍ በፍርሃት። "ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? ይምጡ፣ ከጫፉ ይራቁ።"

አልሰማውም። አንድ ነገር እንደሚቀበል ሰው ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ባዶውን ጨበጡ።

ከዚያ ጀርባውን ለሁላችንም ሰጠ።

ክንዱን አነሳ። ያወዛውዘው ጀመር... ወደ ግራ... ወደ ቀኝ...

የሱፍና ሌላ ጎረምሳ ክንዱን ይዘው ሊያወርዱት ታገሉ። ንቅንቅ አላለላቸውም። ከፊት ዞረው ሊያዩት የሄዱት ደግሞ "በዚያም በኩል ጀርባው ነው" እያሉ ተመለሱ።

እኔም እዚያ ነበርኩ። ጉሙ ሲገፈፍ አየሁ፤ ዝናቡም አባራ። የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ከታመነ ባዶ እጅ በላይ ግን፣ የጨርቅ መርገብገብ ይሰማ ነበር።