ጭንብሉ ከተነሣ በኋላ

መርማሪ ጂያን ስትደርስ ወይዘሮ ሼን አልጋቸው ላይ እንደ ተጋደሙ ነበሩ። የስድሳ ስምንት ዓመቷ ሴት ሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቶላቸው ማገገሚያ ክፍል ሳሉ ነው የሞቱት። ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊነት ተለውጧል። ውጭ የወደብ ከተማዋ የኪሉንግ ዝናብ ለአሥራ ሁለተኛ ቀን ይዘንባል። ጂያን ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች።

ነርስ ሹፌን ጥፋቷን ጽፋ ጠበቀቻት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሳልከታተላቸው ቀረሁ።»

«የኦክስጅን መከታተያ መዝገቡንስ የሞላሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የት ነበርሽ?»

ሹፌን የጻፈችውን ወረቀት ወደ ጂያን ገፋ አደረገችው።

የሰመመን ሐኪሙ ዶክተር ሉ ዐይናቸው ደም ለብሷል።

«ሰመመን ሳንባን ምን ያደርገዋል?» አለቻቸው ጂያን።

«የሳንባው የታችኛው ክፍል ይሟሽሻል። በዚያ የሚያልፈው ደም አየር አያገኝም። ስለዚህ በሽተኛው ከነቃም በኋላ ኦክስጅን በጭንብል እንሰጠዋለን።»

«ጭንብሉ ቶሎ ቢነሣስ?»

«በደሙ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል» አሉ።

አመሻሹ ላይ ሁለቱንና የክፍሉን ኃላፊ፣ ቀዶ ሐኪሙን ዶክተር ዌይን፣ አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጭንብሉ እያለ የደማቸው ኦክስጅን ዘጠና አምስት በመቶ ይላል መዝገቡ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ጭንብሉ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በየአምስት ደቂቃው ዘጠና ዘጠኝ። መውረድ የነበረበት ቁጥር እንዴት ወጣ? ማንም አላየውም ማለት ነው፤ በኋላ የተሞላ ነው።»

«ታዲያ ነርሷ አምናለች» አሉ ዌይ።

«ነርሷ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከእርስዎ ጋር ቀዶ ጥገና ክፍል ነበረች። ሩብ ላይ ደም ተረክባ ፈርማለች። እርስዎም እጅዎ ከሌላ በሽተኛ ሆድ ውስጥ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

«ዶክተር ሉ ከትናንት ጀምሮ ቆመው ነው የዋሉት» አለች ሹፌን፤ «አሳዘኑኝና መዝገቡን በኋላ ሞላሁላቸው።»

ሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ወይዘሮ ሼን ጭንብሉ አፈነኝ አሉኝ፤ አነሣሁላቸው። ትንሽ አይቼ ልመልሰው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸውን እየሰማሁ መስሎኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። የሰማሁት የራሴን ነበር።»

«እስከዚያ ድረስ ሳይተኙ ስንት ሰዓት ቆይተው ነበር?»

«ሠላሳ አንድ።»

ጂያን ጻፈችው። ብዕሯን ሳታስቀምጥ ቀና አለች።

«የሥራ ሰዓቱን የሚደለድለውስ ማን ነው?»

 ሹፌን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ዶክተር ዌይ ዞራ ማየት ጀመረች።